እኩያ ጥርሶች

በቅርቡ እዚሁ ኮልፌ አንድ ቀብር ላይ ቆሜ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰማሁ። አንባቢው ወጣት ነው፤ ድምፁ ያምራል። «በጃንሆይ ዘመን በአካባቢያችን የቤት ለቤት ሕክምናን በብስክሌት ያስጀመሩ» የሚለው ላይ ሲደርስ አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ዝም አልኩ። ድንኳን ውስጥም ዝም አልኩ። ንፍሮዬን በልቼ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ዝምታው አልዋጥ አለኝ።

ሟቹ የክሊኒካችን የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነበር። ብስክሌቱን ያስጀመረው እሱ አይደለም። እንዳይሄድ የቻለውን ሁሉ ያደረገ ሰው ነው። ይህን የምጽፈው ልጆቹን ለማሳዘን አይደለም፤ እነሱ ምን አጠፉ። የምጽፈው ያ ብስክሌት እንዲሄድ ያደረጉት ሰው ሲቀበሩ ቆሞ የሚያነብላቸው ስላልነበረ ነው። እኔ ነበርኩ፤ እኔም አላነበብኩም። አሁን ላንብብ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የክሊኒኩ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥቦ የሚያስር ማለት ነው። የሰፈሩ ሰው ነጭ ካፖርት የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ስለሚል እኔንም ሲስተር ይለኝ ነበር። አላረምኩትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት ግን ቁስል ጋ ሳይሆን ጓሮ ነው። ያገለገለ ፋሻ ይታጠባል፣ በበርሜል ይቀቀላል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ይጠቀለላል። ጣቶቼ በበረኪና ተልጠው የራሴን ፀጉር መጎንጎን ያቅተኝ ነበር።

አንድ ቀን ሀኪሙ፣ ክሊኒክ ድረስ መምጣት የማይችሉትን እየዞረ የሚያይ ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ። ሁለት ብስክሌቶች ነበሩን፤ ከእንግሊዝ አገር በዕርዳታ የመጡ ጥቁር፣ ከባድ ብስክሌቶች፤ አንዱ ግን ተበላሽቶ ዕቃ ክፍል ውስጥ የቆመ ነበር። ወንዱ ድሬሰር ወደ ውጭ አየና «ጭቃ ነው» አለ። እኔ እጄን አወጣሁ። ብስክሌት መንዳት አልችልም ነበር። በሦስት እሑድ ግቢ ውስጥ እየወደቅሁ ተማርኩ። ቀሚሴን በላስቲክ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ኋላ ጭኜ መውጣት ጀመርኩ።

መንገድ ላይ ያልተባልኩት የለም። «ሲስተር፣ ቀንዱን ጠበቅ አድርጊ!» «ፈረስሽ ገብስ በልቷል?» አንዲት ባልቴት ደግሞ ባዩኝ ቁጥር ያማትቡ ነበር፤ በኋላ ጀርባቸው ላይ እባጭ ወጥቶ እኔው አፈረጥኩላቸውና ማማተቡን ተዉት። ዙሩ የእኔ ነበር። ከአስኮ መንገድ እስከ ቀራንዮ ጀርባ ድረስ በየቤቱ የምጠበቅ ሰው ሆንኩ። በየቤቱ እንቁላል እንደሚቀቀልልኝ ሲሰማ ለወንዱ ድሬሰርም ጭቃው ደረቀለት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዙሩን ይፈልገው ነበር።

ከቀራንዮ ወደ ውስጥ በምትገባ መንደር አንዲት ሴት ነበረች። የፈላ ውሃ ተደፍቶባት ከጭኗ እስከ ጉልበቷ ተልጣለች። በየሁለት ቀኑ ቁስሉ መታጠብ አለበት። ወንድ እንዲያየው አትፈቅድም፤ ለባሏም ያሳየችው በልመና ነው። ስለዚህ ዙሩ የእኔ መሆኑ ለእኔ ከፋሻ በርሜል መዳን፣ ለእሷ ደግሞ እግር ነበር። የማወራው ስለዚህ ነው።

አንድ ረቡዕ ከአስኮ ስመለስ ካቴናው ተበጠሰ። በእኛ አማርኛ የብስክሌት ሰንሰለትም፣ ፖሊስ እጅ ላይ የሚያጠልቀውም ያው ካቴና ነው። የኔ ጥፋት ይህን አለማሰቤ ነው። አህያ የሚነዳ ሰው ወደ ኮልፌ ሲሄድ አገኘሁና «እባክህ ክሊኒኩ በር ላይ ላለው ዘበኛ፣ ሲስተርን ካቴና ይዟት ትዘገያለች በለው» አልኩት። ሰውየው በሐዘን አየኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ እጄ እስከ ክርኔ በግራሶ ጠቁሮ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ በሩ ላይ ደረስኩ። ዘበኛው ብድግ አለ።

«በስመ አብ! በዋስ ለቀቁሽ?»

«እነማን?»

«ፖሊሶቹ ናቸዋ!» እጄን አየና ፊቱን በመዳፉ ያዘ። «ወይኔ እህቴን! አሻራም አስነስተውሻል!»

ነገሩ ሲገባን ዘበኛውም እኔም ሳቅን፤ የጽዳት ሠራተኛዋም መጥታ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ወሬው እንደ ደረሰ የዕቃ ክፍል ኃላፊው የትኛው ጣቢያ፣ በምን ጉዳይ ብሎ አልጠየቀም። ቀጥታ ሀኪሙ ዘንድ ገብቶ «እኔማ ድሮም ጠርጥሬአት ነበር» አለ። ከሁለት ዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት «ጋሼ እንደምን አደሩ» ስለው የኖርኩት ሰው። ካቴና የሚለውን ቃል ሰምቶ ከሁሉ ቀድሞ ብስክሌት ትዝ ሊለው የሚገባው እሱ ነበር፤ የብስክሌቶቹ ኃላፊ ነበርና። በዚያችው ቀን የቀረው ዙሬ ለወንዱ ድሬሰር ተሰጠ።

ሀኪሙ ውጭ ተምሮ የመጣ ሐበሻ ነው፤ ቶሎ የሚወስን፣ ቶሎ የሚረሳ። ስቆ ሲያበቃ «እንግዲህ ብስክሌቱ እስኪጠገን እሱ በበቅሎ ይተካሽ» አለኝ። «በሁለት ሳምንት ካልተጠገነ ግን ዙሩ የሱ ይሆናል። አንቺ ወደ ፋሻው ትመለሻለሽ። ሕመምተኛ ብስክሌት አይጠብቅም።»

የዕቃ ክፍል ኃላፊው ቁልፎቹን ወገቡ ላይ እያቃጨለ «ካቴናው ከፋብሪካው መምጣት አለበት» አለ። «የእንግሊዝ ብስክሌት የእንግሊዝ ካቴና ነው የሚፈልገው። ኦርጅናል ያልሆነ ነገር እዚህ ግቢ አይገባም።»

«ጋሼ፣ መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ።»

ለዘጠኝ ቀን በየምሽቱ ከሥራ በኋላ ወደ ተቃጠለችው ሴት በእግሬ ሄድኩ። በዘጠነኛው ቀን እግሬ ራሱ ቁስል አወጣ። በአሥረኛው ሀኪሙ በሌላ ጉዳይ ተናዶ ነበርና ሲያልፍ የቆመውን ብስክሌት አይቶ ጮኸ። ሰዓት ሳይሞላ የዕቃ ክፍል ኃላፊው ከቁም ሳጥኑ አንድ ካቴና ይዞ ወጣ። በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ። እስከዚያ ቀን የት እንደነበር የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። አሁን እጠይቃለሁ፦ የት ነበር?

በራሱ እጅ አጠለቀው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ግቢው መሃል ላይ። «ኦርጅናል ከኦርጅናል! የአንድ ፋብሪካ ልጆች! አሁን እንዴት እንደሚሄድ ታዪዋለሽ።»

አየሁት። ሜዳው ላይ ደህና ነበር። ወደ ቀራንዮ የሚወስደው ዳገት ላይ ደርሼ ከመቀመጫው ተነስቼ ፔዳሉን በሙሉ ክብደቴ ስረግጥ ቋ አለ። ካቴናው ጥርሱን ዘሎ አለፈ። እግሬ ባዶ ወረደ፣ ጉልበቴ እጀታውን መታ፣ ከነሳጥኔ ተንከባለልኩ። ቁስል የሚቀባው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት ጠርሙሱ ተሰብሮ ካፖርቴ ላይ፣ ፊቴ ላይ፣ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ዳገቱ ላይ የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ ደነገጡ፤ መነሳቴን ሲያዩ ግን ምላሳቸው ተፈታ።

«ሲስተር፣ ጠጅ ነው እንዴ የጫንሽው?»

«ጠጅማ ቢሆን ቀድሜ እኔ እተኛበት ነበር!» አለ ሌላው።

ስመለስ የዕቃ ክፍል ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ካቴናውን አየና ቀና አለ። «ካቴናው አዲስ ነው፤ ምንም የለበትም። ችግሩ ከነጂዋ ነው።» ሀኪሙ ካፖርቴን አየ። አራት ቀን ቀረኝ።

በአስኮ መንገድ ዳር፣ ሦስት ቆርቆሮ በተደገፈበት ጥላ ሥር፣ ብስክሌት የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ከጎጃም ለሕክምና ዘነበወርቅ መጥተው፣ ድነው፣ አገራቸው ሳይመለሱ የቀሩ ናቸው። የሥጋ ደዌው ሄዷል፤ ጣቶቻቸውን ግን ይዞ ነው የሄደው። ከቀኝ እጃቸው አውራ ጣታቸውና የሌሎቹ ጉቶ፣ ከግራ እጃቸው ከዚያም ያነሰ ቀርቶላቸዋል። የመሣሪያዎቻቸው እጀታ ሁሉ ከአሮጌ ጎማ በተቀደደ ላስቲክ ወፍሮ የተጠቀለለ ነበር፤ በመዳፍ ብቻ እንዲያዝ። ሰው ሥራቸውን ይወዳል፣ እሳቸውን ግን ይፈራል። ብስክሌቱን ከሩቅ አጋድሞ «አንተ! ይቺን ሥራት!» ብሎ ይሄዳል። ልጅም አዋቂም አንተ ነው የሚላቸው።

እኔም «ይሄን ታየዋለህ?» ነው ያልኳቸው። የዳነ ሰው እንደማያስተላልፍ ተምሬአለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሼአለሁ። ሆኖም ከእሳቸው ዘንድ በተመለስኩበት የመጀመሪያ ቀን እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤአለሁ። ሌላውን ስከስ ይህን መዝለል ስለማይገባኝ ነው የምጽፈው።

ጉልበቴን አዩ። «ካቴናው ዘሎብሽ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«ቢበጠስ ኖሮ እጅሽ ነበር የሚላጥ። ሲዘል ነው ጉልበት የሚመታ።»

ከዚያ ያደረጉትን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም። የፊተኛውን ባለ ጥርስ ክብ ፈትተው በጨርቅ ጠረጉና ወደ አፋቸው አስጠጉት። ታችኛው ከንፈራቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ ብለው አዞሩት። አንድ በአንድ፣ አርባ ስድስቱንም ጥርስ።

«ጣቴ አይሰማ» አሉ ሲጨርሱ። «ከንፈሬ ግን ፀጉር ይለያል። ይሄ ሁሉም ጥርሱ ወደ አንድ ወገን ተቆልምሟል። እንደ ማጭድ።»

ግድግዳቸው ላይ አንድ ሳንቃ ነበር። ከላይ ምስማር ተመቶበታል፤ ከታች በምላጭ የተጫሩ ሦስት መስመሮች አሉ። አዲሱን ካቴና ምስማሩ ላይ ሰቀሉና ሃያ አራት ቀለበት ወደ ታች ቆጠሩ። ሃያ አራተኛው ከመጀመሪያው መስመር ጋር ገጠመ።

«ይሄ ልጅ ነው» አሉ። የተበጠሰውን አሮጌ ካቴና ሰቀሉት። ያው ሃያ አራት ቀለበት ሦስተኛው መስመር ድረስ ወረደ። «ይሄ ሽማግሌ ነው። ካቴና ሲሠራ ውሎ ሲያድር ይረዝማል። ጥርሱም አብሮት ይበላና ይለምደዋል። ሽማግሌውን አንስተሽ ልጁን ስታመጪ፣ ጥርሱ የሚያውቀው የሽማግሌውን እርምጃ ነው። ሜዳ ላይ ይታገሱታል። ዳገት ላይ ይጣላሉ።»

«ግን ሁለቱም ኦርጅናል ናቸው። የአንድ ፋብሪካ ናቸው።»

«ናቸው። ጥርስ ግን ማንበብ አያውቅም እኮ። ማን ሠራህ ብሎ አይጠይቅም፤ ስንት ዘመን ሠራህ ነው የሚለው።» ሳቁ። ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። «እኩያ ነው የምፈልግልሽ።»

ከኋላቸው የሞቱ ብስክሌቶች ክምር ነበር። ከጣሊያን የሴት ብስክሌት ላይ የፊተኛውን ክብ አወጡ፤ ከእኛው ያነሰ፣ አርባ ጥርስ ያለው። የኋለኛውን ከህንድ አገር ከመጣ ብስክሌት ወሰዱ፤ የእኛው አሥራ ስምንት ጥርስ ሲሆን ይሄኛው ሃያ ነበር። ካቴናው ከየት እንደመጣ እሳቸውም አያውቁም፤ ፊደሉ ተፍቋል። ሦስቱንም አንድ በአንድ ከንፈራቸው ላይና ሳንቃው ላይ ፈተኑ። ካቴናው መሃለኛው መስመር ላይ ቆመ። ጎልማሳ። ጥርሶቹም ጎልማሶች።

«ፊት አነስ፣ ኋላ ተለቅ ሲል ዳገቱ ያጥርልሻል» አሉኝ። «ሜዳ ላይ ትንሽ ትዘገያለሽ። የምትቸኩይው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዳገት ላይ?»

እስከዚያ ቀን ብስክሌቱ ለእኔ ይስማማ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ ለብስክሌቱ መስማማት ያለብኝ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። እኔም ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አጠገባቸው ቆምኩ። የጣሊያኑ የፔዳል ክንድ ከእንግሊዙ ዘንግ ጋር የሚያያዝበት ሽብልቅ አልገባ አለ፤ የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው በጣም በጥቂቱ ይጠባል። ሌላ ሠሪ ቢሆን በመዶሻ ይለው ነበር። እሳቸው ሽብልቁን በኩራዝ ጥላሸት አጠቆሩት፣ አስገቡት፣ መልሰው አወጡት። ጥላሸቱ የተፋቀበት ቦታ የሚነካው ነው ማለት ነው። እሱን ብቻ፣ ሽብልቁን በሁለት ጉልበታቸው መሃል ጨብጠው፣ በሞረድ ሁለቴ ጠረጉት። እንደገና ጥላሸት። እንደገና ሞረድ። ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ተውኩ።

የህንዱን የኋላ ክብ ደግሞ በመዳፋቸው ብቻ አጠመዘዙት። ከሁለት ዙር በኋላ ጠንከር ሲል አቆሙ፣ ፈቱ፣ ጥምዙን በነጭ ጋዝ አጥበው ከአንድ ፀጉር የማይበልጥ ጉድፍ አወጡ፣ እንደገና ጀመሩ። «አገሩ ሌላ ነው፤ አስገድጄው ቢሰነጠቅ ያንቺ ጉዳት ነው» አሉ። ሲገባ ያለ ድምፅ ገባ። ከዚያ ከፊተኛው ጥርስ እስከ ኋለኛው ሲባጎ ወጠሩ። ሲባጎው ወደ ጎን ትንሽ ዘመመ። የዱቄት ወተት ጣሳ ቆርጠው ሁለት ስስ ቀለበት አበጁና ከፊተኛው ሥር ከተቱ። ሲባጎው ቀና።

በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል። ጨለምለም ሲል ኩራዙን አነሳሁና «ላብራልዎት?» አልኩ።

ሞረዱ ቆመ።

«ማንን ነው?»

«እርስዎን።»

ቀና ብለው አላዩኝም። ትንሽ ቆይቶ ሞረዱ ቀጠለ። እኔም አስቤ ያልኩት አይደለም። እንደዚያ ሲሠራ ያየሁትን ሰው አንተ ማለት አፌ እምቢ አለ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ለዕቃ ክፍል ኃላፊው አንቱታውን የሰጠሁት በቁልፉና በዕድሜው ነበር። አሁን እኔም አርጅቼ፣ እሱም ሄዶ፣ እዚህ ወረቀት ላይ መልሼ ወስጄዋለሁ።

ብስክሌቱን ሲያስረክቡኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ማን ሠራው ቢሉሽ፣ እኔ መሆኔን ተናገሪ። መርካቶ አሠራሁት አትበይ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል።»

በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ አቁሜው ሳለ የዕቃ ክፍል ኃላፊው ደረሰ። ከመነጽሩ በላይ አየው፣ ቁጢጥ አለ፣ ፊደሉን ማንበብ ጀመረ።

«ይሄ ጣሊያን ነው። ይሄ… ህንድ። ይሄኛው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አንቺ ልጅ፣ የኛ ብስክሌት የታለ?»

«ይኸው እኮ ነው ጋሼ።»

«ይሄ የኛ አይደለም! ይሄ የቆሻሻ ክምር ነው!» ተነስቶ የውጭውን በር ቆለፈው። «ይሄ ነገር በዚህ በር አይወጣም።»

ሀኪሙ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ዘበኛው፣ ጽዳቷ፣ ወንዱ ድሬሰር በቅሎውን ይዞ፣ ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞች ሁሉ ተሰብስበዋል። ሀኪሙ «ማነው የሠራው?» አለኝ።

መርካቶ ብል ያልፍ ነበር። ይህን ሁሉም አንባቢ ይወቅልኝ፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ዙሬን፣ የዚያችን ሴት እግር፣ ፋሻውን በርሜል አሰብኩ። ከዚያ ያቺ ከንፈር ላይ ቀስ ብላ የምትዞረው ብረት ታየችኝ።

«እሳቸው ናቸው የሠሩት» አልኩ።

«እሳቸው እነማን?» ሀኪሙ አንድ የፋብሪካ መሐንዲስ ሳይመስለው አልቀረም።

«አስኮ መንገድ ላይ ያሉት ሠሪ።»

ዘበኛው «ያ ቆ…» አለና የቀረውን ዋጠው። የዕቃ ክፍል ኃላፊው ግን አልዋጠም። «እሳቸው! ሰማችኋት? እሳቸው አለችው!» አለ ወደ ሕመምተኞቹ ዞሮ። «ዶክተር፣ የቆማጣ እጅ ያገላበጠውን ብረት ክሊኒክ ውስጥ አስገብታ፣ እሳቸው ትለዋለች!»

ማንም አልሳቀም። ሀኪሙ ቁጢጥ አለ። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቶ በሌላው እጁ ፔዳሉን አዞረ። ካቴናው እንደ ውሃ ሄደ። በባዶ እጁ ካቴናውን ያዘው፣ ወደ ጎን ነቀነቀው፣ ጥርሱን ዳሰሰ። ግራሶው መዳፉን አጠቆረው።

«ድነዋል?» አለኝ። ድነዋል ነው ያለው፤ ድኗል አላለም።

«ዘነበወርቅ ታክመው ድነው የወጡ ናቸው።»

«እንግዲያስ ድነዋል።» ተነሳ። «ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱ።» ወደ እኔ ዞረ። «ዳገቱ ከዚህ ይታያል። ሳትወርጂ ከወጣሽው ዙሩ ያንቺ ነው። ከወረድሽ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

የዕቃ ክፍል ኃላፊው ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ እዚሁ ልጨርስ። ከወር በኋላ ሀኪሙ ሁለተኛውን ብስክሌትም ወደ እሳቸው አስላከው፤ የገፋው እሱ ራሱ ነው። አንተ እንዳይል ሀኪሙ እሳቸው ብሏል፤ እርስዎ እንዳይል አፉ አልታዘዘውም። ስለዚህ በሄደ ቁጥር ከሩቅ ቆሞ «አለቀ?» ብቻ ይል ነበር። «አለቀ?» «ይቻላል?» «ነገ ይደርሳል?» ማንንም የማይጠራ ግሥ ከአማርኛ ውስጥ እየለቀመ ዓመታት ኖረ። እሳቸው ሁልጊዜ «ይቀመጡ ጌታዬ» ይሉት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ዳገቱ ነበር የሚጠብቀኝ። ሳጥኔን ጭኜ ወጣሁ። ዳገቱ ሥር ስደርስ ከዚህ በፊት እንደማደርገው ከመቀመጫው ልነሳ አልኩ፤ አላስፈለገኝም። እግሬ ከበፊቱ በፍጥነት ይዞራል፣ ክብደቱ ግን ግማሽ ነው። ቋ የሚለውን ድምፅ በሙሉ ጆሮዬ እጠብቅ ነበር። የወደቅሁበት ቦታ ላይ የወይን ጠጁ መድኃኒት እድፍ ድንጋዩ ላይ ነበር። አለፍኩት። ከመንገዱ ዳር «ሲስተር፣ በርቺ! ዛሬስ ጭነቱን እንዳትደፊው!» አለኝ አንዱ። መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ ነበረኝ። «አንተን ነበር የምጭን፣ ትከብዳለህ እንጂ!» አልኩት። ዳገት እየወጡ መልስ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጫፍ ላይ ደርሼ ወደ ክሊኒኩ ዞሬ አላየሁም። ይዩኝ። ቀጥ ብዬ ወደ መንደሯ ገባሁ።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

መወርወሪያው ተነሳ። በአንድ እግሯ እየነጠረች መደቡ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷ ገርጥቷል። ከወደቅሁ በኋላ ባሉት አራት ቀናት ጉልበቴ አብጦ ዳገቱን በእግሬ መውጣት አልቻልኩም ነበር።

«ሰውየው በበቅሎ መጥቶ ነበር» አለች። «ሁለት ጊዜ። አልከፈትኩለትም።»

«ታዲያ ማን አጠበልሽ?»

«ማን ያጥበኛል? አንቺን ጠበቅሁ። አማቴ ቅቤ አድርጊበት አለችኝ፤ እሱንም እምቢ አልኩ።»

ፋሻውን በሞቀ ውሃ አርሼ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከጉልበቷ በላይ ያለው ጠርዝ መግል ይዟል፤ ሽታ አለው። ወደ ላይ ግን፣ መሃሉ ላይ፣ ሮዝ የሆነ አዲስ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ወጥቷል። አሳየኋት። አንገቷን ሰብራ አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሳታዞር። አጠብኩት፣ ቀባሁት፣ አሰርኩት። እጄ አልቸኮለም።

ሳጥኔን ስዘጋ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ። «መቼ ትመጫለሽ?»

ለሕመምተኞቼ ሁሉ «እግዜር ካለ» ነበር የምለው። ቀን ሰጥቼ ካቴና ይበጠሳል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ዕቃ ክፍሉ ይቆለፋል ብዬ እፈራ ስለነበር ነው።

«ከነገ ወዲያ» አልኳት። «ጠዋት፣ በሦስት ሰዓት።»